የትኛው ክኒን እንደደረሰው

ልጄ ሚስራ፣ አላህ በሰው አገር ይጠብቅሽ፣ ጤናና ሰላም ያብዛልሽ። እኛ ነገሌ ደህና ነን፤ ዝናቡም ገብቷል።

የአባትሽን መርዶ አጎትሽ ነግሮሻል። የልቡ ደም ስር መዘጋቱ ሲታወቅ፣ አዲስ አበባ አዲስ መድኃኒት የሚያጠኑ ሐኪሞች ዘንድ ግባ ብዬ የጨቀጨቅኩት እኔ ነኝ። ከተለመደው መድኃኒት ጋር ለግማሹ በሽተኛ አዲሱን፣ ለግማሹ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን ይሰጣሉ፤ ማን የትኛው እንደደረሰው ጥናቱ እስኪያልቅ አይነገርም። «ባዶው ቢደርሰኝስ?» ሲለኝ «ዝም ብለህ ፈርም» አልኩት። ሁለት ዓመት በአውቶቡስ ተመላለሰ፤ ከዚያ አንድ ቀን ሱቅ እንደተቀመጠ ልቡ ቀጥ አለ።

ሰሞኑን ጥናቱ አልቆ ሐኪሙ ደወለ። አዲሱ መድኃኒት ብዙ ሰው አድኗል አለኝ። ለአባትሽ የትኛው እንደደረሰው ሊነግረኝ ሲል ግን ስልኩን ዘጋሁት።

አንቺም እባክሽ አትጠይቂያቸው። ብቻሽንም አታልቅሺ። አላህ ያጽናሽ።

እናትሽ ዙለይካ