ግንበኛው ጋሽ ውሃ ልክ እና በመኪና የመጣው ቤት

በመዝገብ ላይ ሌላ ስም እያላቸው ሁላችንም «ጋሽ ውሃ ልክ» እያልን የኖርነው ወንድማችን፣ ከአናጺ አባታቸውና አትክልት ሸጠው ቤት ካቆሙት እናታቸው ጥር 9 ቀን 1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤተሰቡ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። የተወለዱበት ክፍል ወለል ወደ በሩ ያዘነበለ ስለነበር የወደቀ ነገር ሁሉ እየተንከባለለ ደጅ ይወጣ ነበር። እናታችን ይሉት እንደነበረው እርሳቸውም መዳህ የጀመሩት አንዲት ሎሚ ተከትለው ነው። ወለል አለማመን ከዚያ ሳይጀምራቸው አልቀረም።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታተሉ። በሒሳብ የሚደርስባቸው አልነበረም። የእጅ ጽሑፋቸው ግን መስመር ይዞ አያውቅም፤ መምህራቸው «የአንተ ፊደል ሁሉ ቁልቁለት ይወርዳል» እያሉ ይቀጧቸው ነበር። አባታችን ሲደክሙ ትምህርቱን ትተው፣ በ1963 ዓ.ም. በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው በአንድ የሕንጻ ሥራ ቦታ በቀን ሠራተኛነት ተቀጠሩ።

ስማቸውን ያገኙትም በዚያው በመጀመሪያው ቀን ነው። ፎርማኑ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሆነው «አንተ! ውሃ ልክ አምጣ!» ብለው ጮኹ። ውሃ ልክ ማለት በግንበኛ ቋንቋ ግድግዳና ወለል ማዘንበሉ የሚታወቅበት መሣሪያ መሆኑን ማንም አልነገራቸውም። ወንድማችን ለራሳቸው አሰቡና፣ ሰውዬው ውሃ ጠምቷቸዋል፣ ያውም ልኩን ይፈልጋሉ አሉ። ንጹሕ ጣሳ ፈልገው እስከ አፉ ሞሉና አንዲት ጠብታ ሳያፈሱ መሰላሉን ወጡ። ፎርማኑ ልክ ልካቸውን ሊነግሯቸው አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ፣ በንዴት ጣሳውን ተቀብለው የግንቡ አናት ላይ አስቀመጡት። ውሃው በአንድ ወገን ብቻ ፈሰሰ። ግንቡ ያዘነበለ ነበር! ያሠሩትም ራሳቸው ፎርማኑ ነበሩ። ሠራተኛው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ግንቡ ፈረሰ፣ ስሙም በዚያው ጸና።

በሦስት ዓመት ውስጥ ግንበኛ፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ፎርማን ሆኑ። ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ የሱቅ ረድፍ፣ ቁጥሩን እርሳቸውም የማያስታውሱት መኖሪያ ቤት ገነቡ። ከእጃቸው የማይለይ አንድ ረጅም የላስቲክ ቱቦ ነበራቸው። ውስጡ የሚታይ ነው፤ ውሃ ይሞሉትና አንዱን ጫፍ አንድ ሰው፣ ሌላውን ጫፍ ሌላ ሰው ይዞ ራቅ ራቅ ብለው ይቆማሉ። ውሃው በሁለቱም ጫፍ ከተመሳሳይ ምልክት ላይ ካረፈ ሥራው ተስተካክሏል ማለት ነው። ሠራተኞች «ጋሽዬ፣ ልክ ነው?» ብለው ሲጠይቁ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ውሃው ይናገር።» በጣም ሲደሰቱ «ይሁን እስቲ» ይላሉ። «ልክ ነው» የሚል ቃል ግን ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። «ልክ ነው ያልከው ግንብ፣ አንተ ፊትህን ስታዞር ይዘምማል» ይሉ ነበር።

በ1970 ዓ.ም. ከዛሬዋ ባለቤታቸው ጋር ተጋቡ። ባለቤታቸው የልብስ ስፌት ባለሙያ ናቸው። ወንድማችን ሱሪ ሊያሰፉ ሄደው ሳለ ሰፊዋ ሜትራቸውን አውጥተው የወንድማችንን ወገብ ሁለት ጊዜ ለኩት። በዚያው ቀን ቤት መጥተው «ሁለት ጊዜ የምትለካ ሴት አገኘሁ» ሲሉ ነገሩ እንዳበቃለት ገባን። በአንዳንዱ የሠርጋቸው ፎቶግራፍ ላይ ሙሽራው አይታዩም፤ ያዘነበለ ጠረጴዛ እግር ሥር የታጠፈ ካርቶን እያስገቡ ነበር። ባለቤታቸው እስከ ዛሬ «የእሱን ልክ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።

ከትዳራቸው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ወንዱ የከባድ መኪና ሾፌር ሆነ። ሴቷ ከልጅነቷ ጀምሮ በደብተሯ ቤት እየሣለች «አባዬ፣ ልክ ነው?» ትላቸው ነበር። እርሳቸውም ማስመሪያ አስቀምጠው ይለኩና «ይሁን እስቲ» ይሏታል። በምሕንድስና ተመርቃ ዲግሪዋን ይዛ ስትመጣ ግድግዳ ላይ ሰቀሉላት፤ ምስማሩን አራት ጊዜ ነቅለው መቱት። «አባዬ፣ አሁንስ ልክ ነው?» አለች። «ይሁን እስቲ» አሉ። ልጅቱ ስቃ አለፈች። እናቷ ግን ወደ ክፍሏ ስትገባ ፊቷ መጥቆሩን አይተዋል።

ከዚያ በኋላ በአካባቢው የግንባታው ሥራ መልኩን ለወጠ። የወረቀቱ ፕላን ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ከሥራው ቦታ በላይ ድሮን እየዞረች ፎቶግራፍ ማንሳት ጀመረች፤ ወንድማችን ቀና ብለው «ጫጩት በሌለበት ምን ፍለጋ ነው የምትዞረው?» ይሉ ነበር። አፈርና ጥቂት ሲሚንቶ በማሽን ተጨምቆ፣ በእሳት ሳይተኮስ ብሎኬት ሆነ። ይህን ሁሉ በቀልድ አለፉት። በቀልድ ያላለፉት ግድግዳው ፋብሪካ ውስጥ አልቆ፣ በመኪና ተጭኖ መጥቶ፣ በክሬን የሚገጣጠመውን ቤት ነው። «ቤት ከመሬት ይነሣል እንጂ በመኪና አይመጣም» አሉ፤ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ አንዲት ሌሊት እንደማያድሩም ማሉ። የመጀመሪያውን ባለ አራት ፎቅ መኖሪያ እንድታስገጥም የተመደበችው ደግሞ የገዛ ልጃቸው ሆነች። ግድግዳውን የሚያመላልሰው ሾፌር ወንድሟ ነበርና ያን ሰሞን አባት ለብቻቸው፣ ልጆቹ ለብቻቸው ይበሉ ነበር።

አርባ የሚሆኑ ግንበኞች እንጀራቸው አስጨነቃቸውና ወደ እርሳቸው መጡ። የሕንጻው ባለቤትም ቀድሞ ሱቃቸውን ያሠሩት በወንድማችን እጅ ነበርና ነገሩን በአንድ ቃል ቆረጡት፦ «ጋሽ ውሃ ልክ መጥተው ይለኩ። ልክ ነው ካሉ የቀሩትን አምስት ሕንጻዎች በዚሁ እቀጥላለሁ። ካላሉ ወደ ግንበኞቹ እመለሳለሁ።» ሁላችንም ተያየን። ያን ቃል በአርባ አራት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ያልተናገሩ ሰው ናቸው። የልጅቱ ሥራ አበቃለት አልን።

መጋቢት 12 ቀን 2007 ዓ.ም. ጠዋት ቱቦአቸውን ትከሻቸው ላይ ጠቅልለው መጡ። ግንበኞቹ አንድ ሳይቀሩ ተሰልፈዋል። አንዱን ጫፍ ለልጃቸው ለሾፌሩ፣ ሌላውን ይህን ለጻፍኩት ለእኔ ለታናሽ ወንድማቸው ሰጡን። የመጀመሪያው ማዕዘን ላይ ውሃው ከምልክቱ ላይ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ጎንበስ ብለው አዩና «ውሃው ተሳስቷል» አሉ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። ቱቦውን አፍስሰው፣ አየር እንዳይኖርበት ጠብጠብ አድርገው፣ ከሌላ ቧንቧ እንደገና አስሞሉት። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው ማዕዘን እንደዚያው። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ሆነ።

ወንድማችን ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «ልክ አይደለም» ቢሉ አርባ ወዳጆቻቸው እንጀራ ያገኛሉ፤ የሚጠረጥራቸውም የለም። ነገር ግን ከቃላቸውም ከውሃቸውም ዝንፍ ብለው አያውቁም። ልጃቸው ሄልሜቷን እንዳደረገች እርሳስ ይዛ ቆማለች። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አልጠየቀቻቸውም።

ቆባቸውን አወለቁና ቀስ ብለው «ልክ ነው» አሉ።

የሕንጻው ባለቤት «ምን አሉ?» አሉ።

«ልክ ነው አልኩ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ልጄ፣ ልክ ነው። የደብተሩም ቤት ልክ ነበር። ዲግሪውም ልክ ነው የተሰቀለው። ዝንፍ ያልኩት እኔ ነኝ» አሏት። ልጅቱ እያለቀሰች ሳቀች፤ ወንድሟም የያዘውን የቱቦ ጫፍ ረስቶ ውሃውን በሙሉ ጫማዋ ላይ ለቀቀው።

ገና ሲተቃቀፉ ወንድማችን «እነዚህን አርባ ሰዎችስ ምን ታደርጊያቸዋለሽ?» ብለው ያዟት። እርሷም ፋብሪካው ማሽን እንጂ ልክ የሚያውቅ ሰው እንደሌለው ነገረቻቸው። ሥልጠና ተከፈተ። ሠላሳ አንዱ ግድግዳ በማምረት፣ መጋጠሚያ በመድፈንና ብሎኬት በመጭመቅ ሥራ ያዙ፤ የቀሩትም ድንጋይ ግንብና ጥገናውን ቀጠሉ። የስልሳ ሦስት ዓመቱ ወንድማችን መነጽራቸውን አጥልቀው ከፊት ወንበር ተቀምጠው ተማሩ። ታብሌት ሲሰጣቸው መጀመሪያ ያደረጉት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ማዘንበሉን ማየት ነው። እስከ 2013 ዓ.ም. የፋብሪካው የጥራት ተቆጣጣሪ ሆነው ሠሩ፤ ሕንጻውን ከለኩበት ቀን ወዲህ ልጃቸው ያልጠየቀቻቸውን ሥራ እንኳ እየሄዱ «ልክ ነው» ይሏት ነበር። የአርባ ዓመቱን ውዝፍ በአንድ ጊዜ ነው ያወጡት።

ጡረታ ሲወጡ ከባለቤታቸው ጋር እዚያው ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ገቡ። መሐላው ሲነሣባቸው «እኔም በመኪና መጣሁ፣ ቤቱም በመኪና መጣ፣ እኩል ነን» ብለው ዘጉት።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆዩ። በሆስፒታል አልጋቸው ወደ ግራ ያዘነብላል ብለው ሲያስቸግሩ ነርሶቹ ሕመሙ ነው የሚያናግራቸው አሉ። ሾፌሩ ልጃቸው ጠጋ ብሎ አልጋው ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ አስቀመጠ፤ እውነትም ያዘነብላል፤ አንዱ ጎማ ተሰብሮ ነበር። አልጋው ተቀየረላቸውና ዶክተሩን ጨምሮ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት፣ በ72 ዓመታቸው በባለቤታቸውና በልጆቻቸው እጅ ላይ በሰላም ዐረፉ። በጣም እንወዳቸው ነበር፤ ቤቱ ከእንግዲህ ጸጥ ይላል።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታናናሾቻቸውን፣ ያስተማሯቸውንም ግንበኞች ሁሉ በሕይወት ትተው ሄደዋል።

ይህ ወረቀት ትናንት ሊታተም ሲል የድሮ ግንበኞቻቸው ያንን ቱቦ ይዘው የመቃብራቸውን ድንጋይ ሊለኩ ሄዱ። አራቱንም ማዕዘን አይተው ሲያበቁ ማንም ቃሉን ሊናገር አልደፈረም፤ ልጃቸውን ጠብቀው ቱቦውን አቀበሏት። እርሷም ጎንበስ ብላ ውሃው እስኪረጋ ጠበቀችና «አባዬ፣ ልክ ነው» አለች።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ወለሉ በማያዘነብልበት ቤት ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መጽናናቱን ያድለን። አሜን።