አንዲቱን ማሽን ከራሷ ስለማራራቅ

ለተከበሩ አቶ መሸሻ፣
የወረዳችን የፈቃድና ቁጥጥር ክፍል ኃላፊ፣
ኮልፌ ቀራንዮ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ ወንበርዎና ማኅተምዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ወንድሜን ኢብራርን በድንገት ቀብረን የአርባውን ሰደቃ ሳናወጣ የእርስዎ ሰዎች ስለደረሱልን ብቸኝነት አልተሰማንም።

ኢብራር አየር ጤና ባለችው ጠባብ ሱቁ የመኪናና የወፍጮ መለዋወጫ የሚሠራባት አንዲት ማሽን ነበረችው። ብረቱን አንዴ ከነከሰች ትጠርባለች፣ ትበሳለች፣ ቦይ ታወጣለች። «አንዴ የታሰረ ብረት የሚፈታው ሲያልቅ ነው» ይል ነበር። ሥራው ከማሽን ማሽን ሲዞር የሚባክነው ጊዜ፣ በየእስሩ የሚዛባው ልክና የሚበላው መብራት ስለሚቀር ዋጋው ይረክሳል፤ ባለወፍጮዎች ከአስኮ ድረስ የሚመጡትም ለዚህ ነው። ይህን ጥፋት ለማረም ስለወሰዱት እርምጃ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው፦

1. ሥራዋ ሦስት ስለሆነ ማሽኖቹም ሦስት ናቸው ብለው ስለቆጠሩልን እናመሰግናለን። በዚሁ ስሌት እናቴ ስለምታበስል፣ ስለምትሰፋና ስለምትቆጣኝ ቤታችን ሦስት እናቶች አሉ። የሚቆጡኝ ግን ሦስቱም ናቸው።

2. «ሦስቱ ማሽኖች» ለደኅንነት ሲባል ሁለት ሁለት ሜትር ይራራቁ ስላሉ ሜትር ይዤ ሄድኩ። ማሽኗ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ሜትር አትሞላም። በመጋዝ ልቁረጣት ወይስ አስቀድሜ የመጋዝ ፈቃድ ላውጣ?

3. ሦስት ሠራተኛ ይቀጠር ብለዋል። የወንድሜን ሚስት ሀያቱን ግን ራሱ ኢብራር አስተምሯት ብቻዋን ትሠራባታለች። ተቆጣጣሪዎ «እህቴ፣ አንድ ሰው ሦስት ቦታ አይቆምም» አሏት። «ጋሼ፣ እኔማ አንድ ቦታ ነው የምቆመው፤ ሦስቱን የምትሠራው እሷ ናት» ብትላቸው፣ ማሽኗን ሦስት ቦታ አሽገው ሄዱ። እስከ አርብ ካልተራራቀች ወደ መጋዘን ትጫናለች ተብለናል። ሀያቱና ልጆቿ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም።

ስለዚህ አንዷን ማሽን እንደ አንድ ቆጥረው እሽጉን እንዲያነሱልን በትሕትና እለምናለሁ።

የሒሳብ መምህሩ አንድ ማለት አንድ ነው ብለው ያሳሳቱት፣ በደጅዎ ወረፋ ቁመት የጨመረ ታዛዥዎ፣
ተማሪ ኑሕ፣ የኢብራር ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኢብራር ሳይጨርሰው የሞተው ሥራ የእርስዎ ቢሮ የውሃ ፓምፕ የሚዞርበት ዘንግ፣ ሻፍቱ፣ ነው። ተጠርቧል፣ ቦዩ ብቻ ቀርቶታል። አሁንም በማሽኗ መንጋጋ፣ በእሽግዎ ሥር ነው። ሀያቱ ልትጨርሰው ዝግጁ ናት። እስከዚያው ሠራተኞችዎ ጀሪካን አንጠልጥለው ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሮጡ ባየሁ ቁጥር፣ ወንድሜ የጎደለው በእኔ ብቻ አለመሆኑን አውቄ እጽናናለሁ።