ሰዓቱ በየትኛው እጅህ ነበር?

ታድዬ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር አልኩና ተውኩት። ደህና ቦታ መሆንህን ቄሱም፣ ማርታም፣ የዕድራችን ሰዎችም እየተቀባበሉ ነግረውኛል። እኔ ግን ካንተ አፍ ካልሰማሁ ማመን ይከብደኛል፤ ዐመሌን ታውቀዋለህ። ከተለየኸኝ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ይህን ያህል የረዘመ ጉዞ ሄደህ አታውቅም። አሰብ ሳለን በጣም የረዘመብኝ ያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ነበር። ያን ጊዜ ስትመለስ ልጃችን ማርታ ሳታውቅህ ቀርታ፣ ቀሚሴ ውስጥ ተደብቃ፣ ሰውዬው ወደ ቤቱ ይሂድ ብላ አልቅሳብሃለች።

ስለ ቤታችን ልንገርህ። አሁንም እዚሁ ቶሮንቶ፣ ዌስተን፣ ያው አፓርታማ ውስጥ ነኝ። ማርታ ስካርቦሮ መጥቼ አብሬያት እንድኖር ስትለምነኝ ከረመች። እኔም አስብበታለሁ እያልኩ አላስብበትም። ሊፍቱ እንደ ድሮው ይበላሻል። በረንዳው ላይ የተከልከው ጤና አዳም ክረምቱን ችሎ ወጣ፤ እኔ ውኃ ማጠጣት ብረሳውም እሱ አልተቀየመኝም። ደግሞ ያ ሲቆፍሩት የከረሙት የባቡር ጣቢያ ተከፈተ። ኤርፖርት የሚሄደው ባቡር እዚህ ቤታችን ሥር ይቆማል። ከዚህ ተነሥቶ መሀል ከተማ፣ ዩኒየን ጣቢያ ለመድረስ አንድ ሻይ ጠጥቶ የመጨረስ ያህል ነው። አንተ ስንት ዓመት በአውቶቡስና በሳብዌይ ተንገላታህ! አንድ ሰዓት ዞሮ በሚመለስ ጀልባ ላይ ለመሥራት ደርሶ መልስ የሁለት ሰዓት መንገድ ትጓዝ ነበር። ዋናው ጉዞ አውቶቡሱ ነው፣ ጀልባው ማረፊያዬ ነው እያልክ ታስቀኝ ነበር። ባቡሩ ሥራ የጀመረ ዕለት በመስኮት ሳየው በጣም ተናደድኩብህ። ትንሽ ብትቆይ ምን ነበረበት?

እኔ እኮ የረጅም ጉዞ ሚስት ነበርኩ። አንተ በንግድ መርከብ ገመድ ስትስብና ብረት ስትቀባ ወራት ባሕር ላይ ትከርማለህ፤ እኔ አሰብ ሙቀት ውስጥ እጠብቅሃለሁ። ለጥበቃው ደግሞ የራሴ ዘዴ ነበረኝ። በሶህንና በርበሬህን ቋጥሬ እሸኝህና መርከቡ ከዓይኔ እስኪጠፋ አላለቅስም። ከዚያ ቤት ገብቼ እስኪበቃኝ አለቅሳለሁ፣ በዚያው ያልቃል። ልብስህን ሳጥኑ ሥር እከተዋለሁ። አንተ የማትወደውን ምግብ ብቻ እሠራለሁ። ስምህን የማነሣው እሑድ እሑድ ነው፤ በሌላው ቀን ካነሣሁህ ግን ሥራ አልሠራም። ጎረቤቶቻችን ልበ ደንዳና ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ። ይበሉኝ። እንደዚያ ባልሆን ኖሮ አብጄ ነበር።

አንተም የራስህ ዘዴ ነበረህ። አንድ ሽማግሌ ግሪክ መርከበኛ ያስተማረህ ነገር ነው። ከወደብ ስትነሣ የእጅ ሰዓትህን ቀኝ እጅህ ላይ ታስራለህ፤ መርከቡ የመጨረሻውን ወደብ ለቆ አፍንጫውን ወደ አገር ያዞረ ዕለት ደግሞ ወደ ግራ ታዛውረዋለህ። ከዚያ ወዲያ ማዕበል ቢነሣ፣ ሞተር ቢበላሽ፣ ወር ቢፈጅም አንተ መጪ ነህ። አንድ ጊዜ ከቦምቤይ በጻፍክልኝ ደብዳቤ ላይ ሌላ ወሬ ሳትጨምር ሰዓቱ ግራ እጄ ላይ ነው ብለህ ብቻ ልከህልኝ፣ እኔ ያን ወረቀት ይዤ ቤቱን ሁሉ ኖራ ቀባሁት።

ካናዳ ስንገባ ባሕሩ ቀረ። ፋብሪካ ለፋብሪካ ስትዞር ኖረህ፣ ፀጉርህ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው ከዩኒየን በታች ካለው ወደብ ተነሥቶ ሐይቁ ላይ ያሉትን ደሴቶች፣ አይላንዶቹን፣ የሚዞረው የቱሪስት ጀልባ ላይ ሥራ ያገኘኸው። የመጀመሪያውን ቀን ሳስታውስ አሁንም ለብቻዬ እስቃለሁ። አሰብ ላይ መርከበኛ ከመሄዱ በፊት ጎረቤት ዞሮ ይሰናበት የለ? አንተም በዋዜማው የፎቃችንን በር ሁሉ እያንኳኳህ ተሰናበትክ። በመርከብ ልሄድ ነው አልካቸው። ጎረቤታችን ጃማይካዊቷ እጅህን ይዛ ጸለየችልህ፣ ለመንገድህም ኬክ ጋገረችልህ። እኔም የለመደብኝን ይዤ የአንድ ወር ስንቅ ቋጠርኩ። በነጋታው ማታ ልብስ አጥባ ስትመለስ ሊፍት ውስጥ አገኘችህ። ተባረህ የመጣህ መስሏት እንደገና አዘነችልህ። ሥራው እንዲህ ነው፣ ሄዶ ወዲያው የሚመለስ ነው ብለህ ብታስረዳትም ለረጅም ጊዜ ያመነችህ አይመስለኝም።

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም አጭሩን ጉዞ ለመልመድ ብዙ ተቸግሬያለሁ። ድሮ ስትመጣ እንግዳ ነበርክ፤ ዶሮ ይታረድልሃል፣ ሁለት ሳምንት እንሞላቀቃለን፣ መነታረክ ስንጀምር ደግሞ መርከቡ ይጠራሃል። ቶሮንቶ ላይ ግን ገና ሳትናፍቀኝ ትመጣለህ። በሩን ከፍተህ ስትገባ እኔ ገና የጠዋቱን ሰሃን አላጠብኩም። ቆይ እንጂ፣ ትንሽ ናፍቀኝ ብዬ ተቆጥቼህም አውቃለሁ። ባዶ እጅህን ከመርከብ መውረድ ስለማትችል ደግሞ በየቀኑ ስጦታ ይዘህ ትመጣለህ። ከጃፓን ሬዲዮ፣ ከቦምቤይ ሐር ያመጣህልኝ ሰው፣ ከአይላንዶቹ የልደት ፊኛ፣ ባለቤት ያጣ ጃንጥላ፣ አውቶቡስ ላይ የቀለጠ አይስክሬም ታመጣልኛለህ። ፊኛው ግማሹ አየር ወጥቶለት በበሩ ካንተ ቀድሞ ሲገባ እንዴት አልወድህ?

በየበጋው አንድ ጊዜ ብቻ ነይ ተሳፈሪ ትለኝ ነበር፤ እኔም ጣውንቴ ቤት እግሬን አላነሣም እልሃለሁ። ውኃ ያው ውኃ ነው፣ ባሕርም ሆነ ሐይቅ። ስንት ዓመት የወሰደብኝን እኔ ደጇ ድረስ ሄጄ እንዴት ከረምሽ ልላት? አንተም ትስቅና ትተወኛለህ። የእኛ ጨዋታ ነበር፤ በሚቀጥለው በጋም እንደምትለምነኝ ስለማውቅ እንቢ ማለቱ ደስ ይለኝ ነበር።

አንተ ከሄድክ በኋላ የአሰቡን ዘዴ መልሼ ያዝኩት። ታዴ ረጅም ጉዞ ላይ ነው አልኩ። ልብስህን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ፣ የማትወደውን ዓሣ ሠራሁ፣ ስምህን ለእሑድ አስቀመጥኩ። አልሠራልኝም። ማታ ማታ የአውቶቡሱ ሰዓት ሲደርስ ጆሮዬ ወደ በሩ ይሄዳል። አንተው ነህ ያበላሸኸኝ። ጉዞውን አሳጥረህ አሳጥረህ አስለመድከኝና ረጅሙን የምችልበት ጉልበቴን ወሰድክብኝ። አሰብ ላይ ዓመት የቻልኩት ሴትዮ ዌስተን ላይ አንድ ምሽት አቃተኝ።

ከዚያ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ልብህ የታመመ ዕለት አምቡላንስ ሲመጣ፣ ሰዎቹ ወንበሩ ላይ እያሰሩህ፣ አንተ ሰዓትህን ከግራ አውልቀህ ቀኝ እጅህ ላይ ስታስር አይቼሃለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሆስፒታል ተኝተህ ሰዓቱ ቀኝ እጅህ ላይ ነበር። በመጨረሻው ቀን አመሻሽ ላይ አጥሚት ላመጣልህ ወደ ቤት ስሄድም እዚያው ነበር። አጥሚቱን ይዤ ስመለስ፣ እኔ አውቶቡስ ላይ እያለሁ፣ አንተ ሄድክ። ነርሷ ሰዓትህን በፕላስቲክ ከረጢት ሰጠችኝ። ከየትኛው እጁ ነው ያወለቅሽው ብዬ በማርታ አስጠየቅኳት። እሷ አላወለቀችውም፤ ያወለቀችው ከእሷ በፊት ተረኛ የነበረችው ባልደረባዋ ደግሞ ወጥታለች። ማርታ ምን ለውጥ ያመጣል ማሚ አለችኝ። ለእኔ ግን ሁሉ ነገር እሱ ነበር። ፊትህን አዙረህብኝ ሄደህ ይሆን እያልኩ ዓመት ከመንፈቅ ራሴን በላሁ።

በዚህ በጋ ጂም ደወለ። የጀልባችሁ ካፒቴን፣ ያ ቀይ ጢም ያለው የኒውፋውንድላንዱ ሰው። በበጋው መጨረሻ ጡረታ ሊወጣ ነው፤ የታድ ሚስት ሳትሳፈር ጀልባውን አላስረክብም ብሎ ማርታን ወጥሮ ያዛት። እንቢ ልል አፌን ከከፈትኩ በኋላ፣ እንቢ የምለው አንተ እንድትለምነኝ እንደነበር ትዝ አለኝ። ከእንግዲህ ለማን ብዬ? እሺ አልኩ።

የዚያን ቀን ጠዋት ሰዓትህን አደረግኩ፤ ቀዳዳ ጨምረንለትም ከእጄ ይሰፋል። ቀኝ እጄ ላይ አሰርኩት። ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ሹራብ፣ የዝናብ ልብስ፣ አንድ ፔርሙስ ሻይ ያዝኩ። ማርታ ሻንጣውን ስታየው ወገቧን ይዛ ቆመች። «ማሚ፣ የአንድ ሰዓት ክሩዝ እኮ ነው፣ ይሄን ሁሉ ለማን ፓክ አድርገሽ ነው?» አለችኝ። ባሕር አይታመንም አልኳት። ጀልባው ላይ ያሉት ሠራተኞች ግን ሻንጣውን ሲያዩ ደስታቸውን አልቻሉትም። ለካ ያ ሁሉ ዓመት የቋጠርኩልህን ቆሎ ስታበላ የኖርከው እነሱን ነው!

ጣውንቴን አየኋት ታዴ። ልጣላት አስቤ ነበር፤ ግን ደህና ሴት ናት። ፀጥ ብላ ታበራለች። ዛፎቹ እስከ ውኃው ድረስ ወርደዋል፣ ዳክዬዎቹ ልጆቻቸውን ይዘው ያልፋሉ። መጀመሪያ የጀልባውን መደገፊያ ብረት ሙጭጭ አድርጌ ይዤ ነበር፤ በኋላ ለቀቅኩት። አይላንዶቹ ጫፍ ስንደርስ ጀልባው ቀስ ብሎ ዞረና የከተማው ፎቅ ሁሉ ከፊታችን መጣ። ያን ጊዜ ጂም መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ሌላውን እጁን ሰዓት የሚታሰርበት አንጓው ላይ አደረገ። እሱ ሰዓት አያደርግም። ይህን ቦታ ስንደርስ ታድ ሰዓቱን ያዛውር ነበር አለን፣ ማርታ እየተረጎመችልኝ። በየዙሩ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ዝናብም ቢሆን፣ እጁ በቅባት ቢጨማለቅም። የጀልባው ልጆች ይስቁበት ነበር። ሚስቴ ጋ መመለሴ ነው ይላቸው ነበር አለ። ለአንድ ሰዓት ጉዞ፣ ታዴ!

ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ሰዓት አየ። አንቺ በቀኝ ነው እንዴ የምታስሪው አለኝ። ለምን አልኩት። ሊጠይቅህ ሆስፒታል የመጣው በዚያ በመጨረሻው ምሽት፣ እኔ ከወጣሁ በኋላ እንደነበር ነገረን። ተኝተሃል ብሎ ሊመለስ ሲል ዓይንህን ገለጥክ። ቀኝ እጅህን ዘረጋህለት። ሰዓቱ ያጠበቀብህ መስሎት ሊያላላው ሲል ራስህን ነቀነቅክ። «ወደ ግራ አድርግልኝ፤ ዞረናል» አልከው። ግራ እጅህ ላይ ግሉኮሱ ስለነበር ነርሷ አይሆንም አለች፤ እሱም ለምኗት ከግሉኮሱ ከፍ አድርጎ ክንድህ ላይ አሰረልህ። ቀላል ነገር መስሎት ለማንም አልተናገረም። ከዚያ ፈገግ ብለህ ተኛህ አለ።

ጀልባው ላይ አለቀስኩ። ማርታ ደነገጠች፣ ጂምም ደነገጠ፤ እኔ ግን እንደዚያ ደስ ብሎኝ አልቅሼ አላውቅም። ፊትህን አላዞርክብኝም። አንተ ወደ እኔ እየመጣህ ነበር፤ እኔም አጥሚቴን ታቅፌ በዚያ ቀርፋፋ አውቶቡስ ወደ አንተ እየመጣሁ ነበር። መንገድ ላይ ተላለፍን እንጂ ትተኸኝ አልሄድክም።

አሁን ማታ ማታ ጆሮዬ ወደ በሩ ሲሄድ አልቆጣውም። ዓሣውን ትቻለሁ፤ ትናንት የምትወደውን ቃሪያ የበዛበት ሽሮ ሠርቼ ለብቻዬ ጨረስኩት። ስምህን ለእሑድ ማስቀመጡም ቀርቷል፤ ማክሰኞም ሐሙስም አነሣሃለሁ፣ ጃማይካዊቷም አብራኝ ታነሣሃለች። በየበጋው አንድ ቀን ጣውንቴን ልጠይቅ እሄዳለሁ፣ ለልጆቹም ቆሎ እወስዳለሁ። በሕይወት እስካለሁ ይህን አላጓድልም።

ሰዓትህን ቀኝ እጄ ላይ አስሬዋለሁ፤ እኔ ገና አልዞርኩም። ጊዜው ሲደርስ ወደ ግራ እንድታዛውርልኝ ለማርታ ነግሬያታለሁ። ያን ዕለት ግን አደራህን፣ ካለህበት ንቅንቅ እንዳትል። ልቀበላት ብለህ እንዳትነሣ። እዚያው ቆየኝ፣ እኔ እመጣለሁ፤ እንደገና መንገድ ላይ እንዳንተላለፍ።

ሮማንህ