ከቅንድቧ በላይ ያለችው ጠባሳ

ይድረስ ለልጄ ልጅ፤ ድሮ ካሜራ ስታዪ ጠረጴዛ ስር ትደበቂ ለነበርሽው፣ አሁን ደግሞ ካሜራ ይዘሽ ሰው ለምታስደብቂው፤

እንደምን ከርመሻል? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይ? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል፤ ምላሴ ግን፣ አያትሽ እንደምትለው፣ አንድ ቀን እንኳ ታማ አታውቅም።

የላክሻት የአያትሽ ፎቶ ደረሰችኝ። መጀመሪያ ዘቅዝቄ አየኋት። የድሮ ልማዴ ነው፤ ሲዘቀዘቅ ሰውየው ይጠፋና ብርሃንና ቅርጽ ብቻ ይቀራሉ። ብርሃኑ በወጥ ቤቱ መስኮት ገብቶ ግንባሯን ዳበሰ፤ አፍንጫዋ ላይ ሲደርስ ተሰበረ፤ አገጯ ስር ጥላ ሆኖ ተኛ። ትከሻዋና የተጣጠፈው ክንዷ ክብ ሠርተው ፊቷን አቅፈውታል። ከዚያ አቀናኋት። ለካ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ነው የያዝሻት! እኔ አርባ ዓመት ሙሉ «ፈገግ በሉ» እያልኩ የለቀምኩት ጥርስ ብቻ ነው። አንቺ ጥርስ ሳታሳዪ ሳቅ አሳየሽ። ቀንቻለሁ፤ ለማንም አትንገሪ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ፎቶዋ ኤግዚቢሽኑ ላይ ሳትሰቀል በፊት ጠባሳዋን ላጥፋላት ወይስ ልተዋት ብለሻል፤ መልሱም እስከ ዓርብ ይድረሰኝ ብለሻል። የጠየቅሽው ሊቁን ነው! ስቱዲዮ በነበረኝ ጊዜ እርሳስ እንደ መርፌ አሹዬ ኔጋቲቩን ነካ ነካ ሳደርገው የስንቱ ሽብሽብ ተቃና። የአያትሽን ጠባሳማ ከሠርጋችን ጀምሮ ካነሳኋት ፎቶ ሁሉ አጥፍቻታለሁ። ሳሎን የተሰቀለውን ታውቂው የለ? ግንባሯ የሕፃን ነው።

ለማንኛውም ባለቤቲቱ ትፍረድ ብዬ ፎቶሽን ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው። «ይቺ እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ ወደ ሳሎኑ ፎቶ በአገጯ እያመለከተች፣ «ያቺን ግን አላውቃትም። ሃምሳ ዓመት አብራን ስትኖር አንድ ሳህን እንኳ አጥባ አታውቅ!»

እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። «በእኔ የምታፍር ይመስለኝ ነበር» አለችኝ።

ልጄ፣ ቀልድ ያጣሁት ያኔ ነው። ያፈርኩትስ በራሴ ነው አልኳት።

«እሱንማ ዛሬ ገና ነገርከኝ፣ አንተ ሽማግሌ። ጠባሳው የእኔ ነው፤ ማን አጥፋልኝ አለህ?»

ስለዚህ መልሱ ይኸው፤ ጠባሳዋን እንዳትነኪያት። ብርሃኑም ከጎን የመጣው እሷን ሊያሳይ ነው። ሳሎን የነበረችውን እንግዳ ሸኝተናታል፤ ምስማሩ ባዶውን ስለሆነ ያንቺን በትልቁ አሳትመሽ ላኪልን።

አንድ የሙያ ምክር ልጨምርልሽ። መብራት ስታቆሚ እግሩን በአሸዋ ከረጢት አስይዢው። ፎቶ ልትነሳ የመጣችው ልጅ ቆንጆ ስትሆን የባለሙያ እጅ ይዘነጋል። እኔ አንድ ጊዜ ዘንግቼ መብራቱ ወደቀ። ልጅቷ በሳምንቱ፣ ግንባሯ በፋሻ ታስሮ፣ ፎቶዋን ልትወስድ መጣች።

እስካሁን አልወሰደችውም፤ አልሄደችምም።

ዓይንሽን ይጠብቅልሽ፤ እጅሽ ይባረክ፤ ብርሃን በሄድሽበት ይቅደምሽ።

በቅናት የተቃጠለው
ወንድ አያትሽ