አረንጓዴ አንሶላ

ጥቅምት 4

ልጄን ጻፊልኝ አልኳት። ምን ልጻፍ? የምነግርሽን። ለማን? ለማንም... ለራሴ። ሳቀችብኝ። "አባዬ፣ ማንበብ አትችል፣ ለራስህ ምን ያደርግልሃል?" አንቺ ታነቢልኛለሻ። ሰሞኑን ማንን እንደተቀየምኩ እየረሳሁ ተቸግሬያለሁ። ባለሱቁን ዳግመኛ ላላናግረው ምዬ ዘግቼው ነበር። ትናንት እጁን ጨብጬ የልጆቹን ደህንነት ስጠይቅ ቆየሁ። ትዝ ያለኝ ቤት ስገባ ነው። እንዲህ ከሆነማ ይጻፍ።

ዛሬ የሚወራ ነገር የለም። ፀሐዩ ጥሩ ነበር። የእንግዳ ማረፊያውን አንሶላ አጠብን፣ ሜዳው ላይ አሰጣን፣ ከቀትር በፊት ደረቀ። ልጄ ተኮሰችው። ነጭ ማለት እንዲህ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ልብስ ሳጥብ ነጭ አበላሸ የሚል አልሰማሁም፣ አልሰማምም። አናጺው ጓደኛዬ ብቻ መጥቶ "የማስጫህ ቋሚ እንዳንተው ዘመመ" ብሎ አፌዘ። ያቆመው ራሱ ነው።

"ይሄንንም ልጻፈው?" አለች።

ሁሉንም።

ጥቅምት 7

ከላይ ያለው ልብስ ፋብሪካ ሰው ላከ። ወጣት ነው፣ ጫማው ያብለጨልጫል፣ ሲያወራም ሲያዳምጥም ጥርሱ አይከደንም። ሳቂታው ብዬዋለሁ። የማህበረሰብና የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊ ነኝ አለ። ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው?

ለሰፈሩ አረንጓዴ ካናቴራ አደለ። ደረቱ ላይ ጽሑፍ አለበት። ልጄ "መሬታችንን እንጠብቅ" ይላል አለችኝ። ከማን?

"አባታችን፣ ይውሰዱ እንጂ።"

"አልወስድም።"

"በነጻ ነው እኮ።"

"እሱ ነው ችግሩ።"

አባታችን ይለኛል። መቼ ወለድኩት? ልጄ ግን ለራሷ ወሰደች። አኮረፍኳት። እያጉረመረመች ጽፋዋለች።

ጥቅምት 12

ዛሬ ደሜ ፈልቷል። ቀስ ብለሽ ጻፊ፣ እኔም ቀስ ብዬ ልናገር።

ጠዋት የታጠበውን ተሸክመን ወጣን። ሜዳው ከቤቶቹ ጀርባ ነው፣ ከቦዩ ወዲህ። ከማለዳ እስከ ምሽት ፀሐይ አይለየውም፣ አቧራም የለው። ሰፈሩ ሁሉ ያሰጣበታል። ቋሚዎቹን ያቆምነው ግን እኔና አናጺው ነን፣ ያኔ ባለቤቴ በሕይወት ነበረች፤ "ትንሽ ወደ ግራ" እያለች አድርቃን ነበር።

ደረስን... ቋሚ የለም። ገመድ የለም። ሜዳው በሙሉ ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ ጣት የምታክል ችግኝ፣ ዙሪያውን የሽቦ አጥር። ትናንት እኛ ልብስ ልናደርስ በሄድንበት፣ በካሚዮን የመጡ የፋብሪካው ሰዎች ካናቴራቸውን ለብሰው ተክለው፣ ፎቶ ተነስተው ሄደዋል። ዝናቡ ካለቀ በኋላ ችግኝ የሚተክል ሰው አይቼ አላውቅም። ማን ሊያጠጣው ነው? ፎቶው?

ሳቂታው አጥር ሲያሠራ አገኘሁት።

"ቋሚዎቼስ?"

"አባታችን፣ ቦታው ባዶ ነበር።"

"ባዶ? ገመዱን አላየኸውም?"

"አይተናል፣ አይተናል። በክብር አጣጥፈን አስቀምጠንልዎታል።"

ገመዴን አጣጥፎ ሰጠኝ። እንደ ሽልማት በሁለት እጁ።

"እስከ መቼ ነው?" አልኩት።

"ዛፍ እስኪሆን ድረስ።"

"እስከዚያ እርጥብ አንሶላ ታቅፌ ልቀመጥ?"

ሳቀ። ቀልድ መስሎታል።

ጥቅምት 13

ቤት ውስጥ አሰጣን። ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ነው። ወንበሬን ፈልጌ አጣሁት፣ ለካ ከአንሶላ ጀርባ ነበር። ልጄን ለማናገር መጋረጃ እንደሚገልጥ ሰው አንሶላ እገልጣለሁ።

ጥቅምት 16

የማረፊያዋ ባለቤት አንሶላውን ተቀብላ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ሳየው ገባኝ።

"አባባ፣ ትንሽ... የታፈነ ሽታ አለው።"

ብትጮህብኝ ይሻል ነበር። በትህትና ነው ያለችው። ቀጥላም ማሽን ያለው አጣቢ ቤት ተከፍቷል ይሉኛል አለች፣ ወደ መስኮቱ እያየች። እኔና ልጄ የምንኖረው በሷ አንሶላ ነው። የሌላው ሰው ሸሚዝና ካልሲ ለሳሙና ነው የሚበቃው። "አንድ ጊዜ ይስጡኝ፣ በፀሐይ የደረቀ አመጣለሁ" አልኳት። የት አባቴ ላደርቀው?

ከዚያው ወደ ፋብሪካው ሄድኩ። ዘበኛው አላስገባም አለ። ለማህበረሰቡ የተዘጋጀ የአስተያየት ሳጥን አለ፣ ጽፈው ይክተቱ አለኝ። ማንበብ እንደማልችል ልነግረው አልፈለግኩም። ሳጥኑን ዞር ዞር ብዬ አየሁት። አፍ አለው፣ ጆሮ የለውም። ተመለስኩ።

ጥቅምት 19

ዛሬ መጻፍ አልፈለግኩም። "ዛሬ ያልተጻፈ መቼ ሊጻፍ ነው?" ያለችው ልጄ ናት።

የማረፊያውን አንሶላ ዘፈዘፍን። እያንዳንዱን አራግፌ ነው የከተትኩት፣ እንደ ሁልጊዜው። የትራስ ልብሱን ግን... ማን የትራስ ልብስ ውስጥ እጁን ሲሰድ ይውላል? ጥቂት ቆይቼ ስመለስ ገንዳው ጎመን የተቀቀለበት መስሏል። አንሶላው አረንጓዴ። የትራሱ ልብስ አረንጓዴ። እጄን ሰደድኩ፣ ጎተትኩ፣ ጎተትኩ... ካናቴራ ወጣ። መሬታችንን እንጠብቅ።

የከተተችው የማረፊያው ጽዳት ሠራተኛ ናት። በነጻ ትታጠብልኝ ብላ ወሽቃት ነው። አልፈርድባትም። አይ፣ እፈርድባታለሁ። እንደዚያ ብለሽ ጻፊ።

በረኪና ጨመርንበት። አረንጓዴው ወደ ቢጫ ትንሽ ሄደና እዚያው ቆመ። አለቀለቅን፣ ደገምን። ውሃው አረንጓዴ፣ እጄ አረንጓዴ፣ ጥፍሬ ሥር ሁሉ አረንጓዴ። ልጄ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና መሳቅ ጀመረች፣ እንባዋ እስኪወርድ። እኔ አልሳቅኩም። ኋላ ትንሽ ሳቅኩ። እሱን አትጻፊ አልኳት። ጽፋዋለች።

ነጭ ያበላሸሁት በነሱ ካናቴራ ነው። ቀኑን ሙሉ ይሄ ነው ሐሳቤ።

ጥቅምት 20

እርጥብ አንሶላ ዳግመኛ ቤቴ ውስጥ አይሰጣም አልኩ። ተሸክመን ሜዳው ወጣን። ቋሚ ባይኖር አጥር አለ። በሽቦው ላይ ከዳር እዳር ዘረጋነው። ካናቴራዋንም አጥባን ነበርና ከመሃል ሰቀልናት። ማንንም ለማሳፈር አስቤ አይደለም። ፀሐይ ፈልጌ ነው።

መኪኖች መጥተው ቆሙ። ከባሕር ማዶ መጥተው ከፋብሪካው ልብስ የሚገዙ ሰዎች ናቸው፣ የተተከለውን ሊያዩ። ሳቂታው ከፊት ከፊት። አረንጓዴውን አንሶላ ሲያይ ጥርሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከደነ።

አንዲት ረጅም ሴትዮ በእጇ እያመለከተች ጠየቀችኝ። ቋንቋዋን ባላውቅም ጥያቄዋ ገባኝ። ነገርኳት። ይህ ማስጫችን ነበር፣ ቋሚዎቼን ነቀሉ፣ ካናቴራቸው የሰው አንሶላ አበላሸ፣ ችግኙም ጠብታ ውሃ ሳያይ እየሞተ ነው... ሁሉንም። ሳቂታው ተረጎመላት። በጣም አጠረብኝ።

"ምን አልካት?"

"ሰፈሩ ደስ ብሎታል ብለዋል አልኳት።"

"እኔ?"

"አባታችን፣ እባክዎን..." ላብ በላብ ሆኗል።

ሴትዮዋ ካናቴራዋን ጨርቁ ምን ይመስላል ብላ ይመስለኛል ጨበጥ አደረገቻት። ገና እርጥብ ነበረች። እጇን ገልብጣ አየች። መዳፏ አረንጓዴ። ወደ ሳቂታው ዘረጋችለት።

እሱን የሚተረጉም አላስፈለገም።

ጥቅምት 21

ሳቂታው ቤቴ መጣ። ብቻውን፣ ጫማው አቧራ ለብሶ። ልጄ ወንበር ሰጠችው፣ የኔን ወንበር።

"ድርጅቱ ለእርስዎ አንድ ነገር ሊለግስ ይፈልጋል።"

"አልቀበልም።"

"ይስሙኝ እንጂ። ለማረፊያው አዲስ አንሶላ ነው።"

"ይሄ ልግስና አይደለም። አበላሻችሁ፣ ትተካላችሁ። ነቀላችሁ፣ ትመልሳላችሁ። መስጠትና መመለስ ላንተ አንድ ነው?"

"የኔ ክፍል የሚፈቀድለት ስጦታ መስጠት ብቻ ነው" አለ። "መመለስ የሚባል ሥራ የለንም።"

የቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። እየቀለደ አይደለም። ምስኪን... ይሄንን ነው ትምህርት ቤት ያስተማሩት?

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመ። "የኔም ቤት የሕፃኗ ልብስ ሁሉ አረንጓዴ ሆኗል። ባለቤቴ አታናግረኝም።" ልጄ አፏን በእጇ ያዘች። ደስ አለኝ። በሰው ቤት መበላሸት ደስ ሊለኝ አይገባም... ግን አለኝ።

ለማረፊያዋ ባለቤት የሆነውንም ሳቂታው ያለውንም ሁሉ ሄጄ ነገርኳት። እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቅዎታለሁ አለች። ከዚያ በኋላ ማሽን ነው።

ጥቅምት 27

ወሬ የለም። ካናቴራዎቹን በጆንያ ሰበሰቡ፣ ያ ብቻ። ልጄ የሷን መለሰች። እያቅማማች ነው፣ አይቻታለሁ።

አናጺው "አንተ እኮ ፋብሪካ አንበረከክህ" ይለኛል። አንበርክኬ ቢሆን የት አለ ማስጫዬ?

ያለቀለቅንበትን የመጨረሻውን ንጹሕ ውሃ ቦይ ከማፍሰስ ብዬ ለችግኞቹ አጠጣሁ። አብዛኛው ደርቋል። ከቦዩ ጥግ ያሉት ግን ቅጠል ይዘዋል። ለፋብሪካው ብዬ አይደለም። ችግኙ ምን አጠፋ?

ጥቅምት 30

መጡ። አጥሩን ነቀሉ። የደረቀውን ጠረጉ፣ ጥጉ ላይ ያሉትን ተዉ። አንሶላውም መጣ፣ አዲስ፣ ነጭ። እጄን ታጥቤ ነው የነካሁት። ለማረፊያዋ ባለቤት አደረስኩ። ቆጥራ ሳትጨርስ የቆሸሸውን ጥቅል አስያዘችኝ። መንገድ ላይ ጥቅሉ አልከበደኝም።

ቋሚዎቼ ግን የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። አንዱ ለማገዶ ሄዷል አለ፣ አንዱ መጋዘን ናቸው አለ። "እናፈላልጋለን" ይላል ሳቂታው። ልጄ ገመዱን በእጇ ይዛ አንዷን ጫፍ የት ልሰር ትለኛለች።

ኅዳር 5

ሥነ ሥርዓት አለ ብለው ጠሩን። ድንኳን፣ ወንበር፣ የድምፅ ማጉያ፣ ሪባን። አለቃቸው ራሱ ነበር። ሜዳው መሃል በሁለት ወፍራም ብረት ላይ ትልቅ ታፔላ ተክለዋል፣ እግሩ በሲሚንቶ። ልጄ በጆሮዬ አነበበችልኝ። ቀስ ብላ፣ እንዳልናደድ።

"ይህ የልብስ ማስጫ ሜዳ ከድርጅታችን ለአካባቢው ማህበረሰብ በስጦታ የተበረከተ ነው።"

ድገሚው አልኳት። ደገመችው። ያው ነው።

ሜዳውን። ለኛ። በስጦታ።

የድምፅ ማጉያውን አመጡልኝ፣ ምስጋና እንዳቀርብ። ልጄ ኮቴን ከኋላ ይዛለች። "ሜዳው ድሮም ማስጫችን ነበር። ወሰዳችሁ፣ መለሳችሁ። ይበቃል" አልኩ። አጨበጨቡ። ሁሉም። አለቃው ቆሞ አጨበጨበ። ምኑ ነው የሚያስጨበጭበው?

ሳቂታው ብቻ አላጨበጨበም። ጫማውን ያይ ነበር።

ኅዳር 8

የማረፊያው አንሶላ ታጥቦ በገንዳ ተቀምጧል። ፀሐይ አለ። ቋሚ የለም። አናጺውን ጠራሁት፣ እንጨት ይፈልግልኝ ብዬ። መጣ፣ ሜዳውን ዞረ፣ ታፔላው ጋ ሲደርስ ብረቱን በሁለት እጁ ያዘና ነቀነቀው። ንቅንቅ የለም።

"ይሄማ አይዘምም" አለኝ።

ተያየን።

ከብረት እስከ ብረት ገመዱን ወጠርን። ባለቤቴ ብትኖር ትንሽ ወደ ግራ ትል ነበር፤ የዛሬው ግን ወደ ግራ አይገፋም። የመጀመሪያዎቹን ትልልቅ አንሶላዎች እዚያ አሰጣን፣ ነጭ፣ በጽሑፉ ላይ። ልጄ በየጫፉ መቆንጠጫ አደረገችበት። ነፋስ ሲነሳ ትንሽ ትንሽ ይነበባል አለችኝ፣ "ስጦታ" የምትለዋ ብቅ ትላለች አለች፣ መልሳ ትሸፈናለች።

ሳቂታው በዚያ ሲያልፍ ቆመ።

"አባታችን... ታፔላው ተሸፈነ እኮ።"

"ሲደርቅ ይነሳል።"

"መቼ ይደርቃል?"

"ይሄ ሲደርቅ ሌላ ይሰጣል።"

ወደ ፋብሪካው ዞር ብሎ አየ። የሚያይ ሰው የለም። የአንዱ አንሶላ ጫፍ ከመቆንጠጫው አምልጦ መሬት ሊነካ ነበር። ጎንበስ ብሎ አነሳው፣ አራገፈው፣ መልሶ ቆነጠጠው። ጥርሱን ሳያሳይ ሄደ።

ልጄ አሁን ትጠይቀኛለች። ሳቂታውን ከየትኞቹ ልጻፈው፣ ከዘጋሃቸው ወይስ ሰላም ከምትላቸው?

አሰብኩበት። ሰውየውን ሰላም እለዋለሁ። የዘጋሁት ታፔላውን ነው።