ሰማይ ደርሶ ስለሚመለሰው የመርከብ ትኬት

ለተከበሩ የሰማያዊ ማዕበል መርከብ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣
ሴኡል

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት፣ ቀጥዬም በመሥሪያ ቤትዎ ምድር ቤት በቀዝቃዛ አየር ተንከባክበው ያስቀመጡትን የትኬት ሰርቨር ደኅንነት እጠይቃለሁ። እኛ የኦሬዶ ደሴት ሰዎች የባሕር ቅጠላችንን እያሰጣን ደኅና ነን።

ልጄ ሴቢ ባለፈው ቅዳሜ ሴኡል ላይ ተድራለች። መቼም በአገራችን ሠርግ የሚጀመረው የሙሽሪትና የሙሽራው እናቶች ጎን ለጎን ሄደው ሻማ ሲለኩሱ እንደሆነ ያውቃሉ። እኔ ግን እዚሁ ቀርቻለሁና ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ በሳምንት አንዴ የሚመጣው መርከብዎ ተጣርተው በሚሰሙበት ርቀት ከቤቴ ፊት ታስሮ ሲያድር፣ ወንበሩን የምጠይቀው ግን በሳተላይት ሰማይ ወጥቶ ሴኡል በሚወርድ መልእክት ነው። ሽርሽር ወዳዱ የሴኡል ሰው ሰርቨሩ ጎረቤቱ ስለሆነ ስልኩን አንዴ ነካ ሲያደርግ መሄጃውንም መመለሻውንም ይይዛል፤ የእኔ ጥያቄ ሲደርስ ወንበር አልቋል።

ሁለተኛ፣ ልጄ ከሴኡል ሆና እንዳትቆርጥልኝ፣ ትኬት በተሳፋሪው በራሱ ስልክ ብቻ እንዲቆረጥ ማዘዝዎ ለደኅንነታችን ምን ያህል እንደሚጨነቁ ያሳያልና እግዜር ይስጥልኝ።

ሦስተኛ፣ ወደባችን ላይ የትኬት መስኮት ከፍተውልናል። ሮጬ ብሄድ፣ ትኬት ሻጩ አቶ ታክም የሚጠቀመው ያንኑ ድረ ገጽ በዚያው ሳተላይት ኖሯል። «እትዬ ማልሱን፣ እኔስ የማየው ይቺኑ የምትሽከረከር ክብ አይደል? ይልቅ ወንበር ይሳቡና አብረን እንያት» አለኝ። አየናት።

አራተኛውን በምስጋና ለመግለጽ አቅም አጣሁ። የመርከቡን ገመድ የሚፈታው ባለቤቴ ነው፤ ከሠርጉ በፊት ሐሙስ ዕለት ሲፈታው፣ ያለ ትኬት መሳፈር ክልክል ነውና እኔ ቀርቼ፣ ትኬት ቆርጠው የቀሩ ሰዎች ወንበሮች ባዷቸውን ሲሄዱ በዓይኑ አይቷል። ሻማዬን ሴኡል የምትኖረው እህቴ ጆምሱን ለኮሰችልኝ። ሠርጉን በስልክ ስከታተል፣ የእህቴ እጅ ሻማው ጋ ሳይደርስ ምስሉ ቀጥ አለ፤ ሲንቀሳቀስ ልጄ ባሏን ይዛ ከአዳራሹ እየወጣች ነበር። አለቀስኩ፣ ክቡር ሆይ፤ ይህን ስጽፍ እየቀለድኩ አይደለም።

የምለምንዎት ጥቂት ነው፤ ለደሴቱ ሰው የተወሰኑ ወንበሮች ተለይተው፣ አቶ ታክ በወረቀት፣ በእጁ ይሽጥልን። ከመስኮቱ እስከ መርከቡ ያለውን መንገድ በእግራችን እናውቀዋለን።

ከዋና ከተማ ርቃ ለሰማይ የቀረበች፣ ትዕግሥቷን ለድርጅትዎ ያበረከተች ታዛዥዎ፣
ፒዮ ማልሱን
ከኦሬዶ ደሴት

ማስታወሻ፦ ሙሽሮቹ ለመልስ ወደ ደሴታችን ስለሚመጡ እርስዎም እንዲገኙልን በታላቅ አክብሮት ጠርቻለሁ። መምጫውን ከቢሮዎ ሆነው በቅጽበት ይቆርጡታል፤ መመለሻውን ግን ለእኔ ሲሉ እዚህ ከደረሱ በኋላ ይቁረጡ። አልጋ አንጥፌልዎታለሁ፤ ለክረምቱም ወፍራም ብርድ ልብስ አለን።