ማንም የማይሸከመው የቡሶላ ሳጥን

ሐይቅ፣ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ቢስሚላሂ ራሕማኒ ራሒም።

ለልጄ ለሰዓዳ አሕመዲን፣ ካለሽበት ኩዌት፤

አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እኔም እናትሽም አልሐምዱሊላህ ሸጋ ነን። ደህና ነን የምልሽ ደብዳቤ ሁሉ እንዲህ ተብሎ ስለሚጀመር አይደለም፤ እውነትም ደህና ስለሆንን ነው። ይህችን ልብ ብለሽ ያዥልኝ፣ የደብዳቤዬ ግማሽ ጉዳይ እሷ ናት።

በየሳምንቱ በስልክ እየተያየን ምን ደብዳቤ አስጻፈው ትይ ይሆናል። በስልክ ስናወራ እናትሽ አጠገቤ ናት፤ ጎረቤት «ሰዓዳ ናት እንዴ?» እያለ ይገባል፤ መስመሩ ይቆራረጣል፤ እኔም ፊትሽን ሳየው ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋብኛል። ባለፈው ጁምዓ «አባ፣ ማዳም ሌላ ሁለት ዓመት ፈርሚ ብላኛለች፤ መልሱን እስከ ወሩ መጨረሻ ትፈልጋለች፤ ልፈርም ነው» አልሽኝ። እኔ ምን አልኩሽ? «ኸይር ነው ልጄ፣ አላህ ያግራልሽ።» ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እናትሽ ሦስት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። ሻይ ስታመጣልኝ እንኳ ብርጭቆውን አስቀምጣ ፊቷን አዙራ ትሄዳለች።

የኢስሃቅ ልጅ ሀውራ እረፍቷን ጨርሳ ሐሙስ ወደ ኩዌት ትመለሳለች። ሳትፈርሚ በፊት ይህን ወረቀት እጅሽ ላይ እንድታደርስ አደራ ብያታለሁ። ወረቀት አይከብድ፣ እምቢ አላለችም።

ጥፋቱ የኔ ነው። ነገሩ የተበላሸው በቡሶላው ነው፤ ከመነሻው ልንገርሽ።

በመስከረም ጎረቤታችንን እትዬ ፋናንና ዘመዶቿን ለግሸን ማርያም ንግሥ ይዤ ስወጣ ፒካፗ ዳገቱ ላይ ትጮህ ጀመር። ወርጄ ኮፈኑን ብከፍተው ቺንጋው፣ ያ ከሞተሩ ፊት የሚዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ላልቷል። አንድ ብሎን ፈታ አድርጎ፣ ወጥሮ፣ መልሶ ማሰር ነው፤ ሥራው ይኸው ነው። ከገበያ የገዛሁት ቡሶላ ደግሞ ወንበሩ ስር አለ። ለመሆኑ ቡሶላ ታውቂያለሽ? የብሎኑን ራስ ዋጥ አድርጎ ይዞ የሚፈታው አጭር ክብ ብረት ነው። እጀታ ይሰካበታል፤ እንደ ብሎኑ ውፍረት ቁጥር ቁጥር አለው። የኔው ሠላሳ ፍሬ ሆኖ በፕላስቲክ ሳጥን ተደርድሮ እንደ መስተዋት ያበራ ነበር። ለእናትሽም «ይኸ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ብረት ነው» ብያት ነበር።

አስራ ሁለት ቁጥሩን ገጥሜ ስጠመዝዘው ተንሸራተተ። ደግሜ ተጫንኩት፤ የብሎኑን ራስ ላጠው። ሦስተኛ ስሞክር ቡሶላው ራሱ እንደ ሸክላ ለሁለት ተሰነጠቀ። እትዬ ፋና ነጠላዋን እያጣፋች ወረደችና «አሕመዲን፣ አትድከም፤ እመቤቴ በእግራችሁ ኑ ማለቷ ነው» አለችኝ። ሁሉም እየሳቁ ዳገቱን ተያያዙት። እኔ ከመኪናዋ ጋር ስንተያይ ዋልን። ሲመለሱ እትዬ ፋና በላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዛ መጥታ ኮፈኑ ላይ ረጨችላት። እኔም «አሚን» አልኩ፤ ምን ልበል። ከዚያ በሌላ መኪና ተጎትተን ሐይቅ ገባን።

ኸሚስን ታውቂው የለ፣ ዋናው መንገድ ላይ ያለውን መካኒክ። ቡሶላዬን ገልብጦ አየና «ጋሽ አሕመዲን፣ ይኸ እኮ ጌጥ ነው፤ ቤት ውስጥ ይስቀሉት» አለኝ። ሳቁን ሲጨርስ ግን ቁጭ አድርጎ አስተማረኝ። ወላሂ በዚህ ዕድሜዬ ተማሪ መሆን እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አላሰብኩም። የቡሶላውን አፍ ውስጡን ማየት ነው፤ አስራ ሁለት ጥርስ ያለው ብሎኑን በጫፍ በጫፉ ስለሚነክሰው ትንሽ ዝገት ካለ ይልጠዋል። ስድስት ጎን ያለው ግን በሙሉ ጎኑ ያቅፈዋል። እጀታውም ውስጡ ያለው ጥርስ ደቃቅ ሲሆን ጠባብ ቦታ ላይ ትንሽ ብታወዛውዢው እንኳ ይሠራል። «የፍሬ ብዛት አያታልልዎ» አለኝ። «ለርስዎ መኪና አስር፣ አስራ ሁለት፣ አስራ አራት፣ አስራ ሰባት፣ አስራ ዘጠኝ ቁጥር፣ አንድ ማስረዘሚያና አንድ ደህና እጀታ ካለዎት ሌላው ሳጥን መሙያ ነው።»

ይህን ሁሉ በስልክ ሳጫውትሽ ከሳቅሽ በኋላ «አባ፣ ቡሶላው ከዚህ ይላክልሃል፤ አንተ ብቻ ምረጥ» አልሽና የሦስት ሳጥን ፎቶ ላክሽልኝ። አንደኛዋ ትንሽ ናት፣ የዳቦ ያህል። ሁለተኛው መካከለኛ። ሦስተኛው መቶ ሃያ ፍሬ የያዘ፣ ሳጥኑም ብረት የሆነ፣ አስራ አንድ ኪሎ የሚመዝን። እናትሽ፣ ኸሚስና እኔ ከጓሮ ማንጎው ስር ቁጭ ብለን ፎቶውን እያሰፋን እያጠበብን ተመካከርን። ኸሚስ ትንሿን አይቶ ጣቱን ጫነባት፤ «ይቺ ናት። አፏም ስድስት ጎን፣ ብረቷም ሸጋ፣ የሚያስፈልጉዎት ቁጥሮች ሁሉ አሏት» አለ። እናትሽም «ትንሿ ትሁን፤ የሰው ሻንጣ አታጨናንቁ» አለች። ሁለቱም ትክክል ነበሩ።

እኔ ግን ተነስቼ ወደ ጓሮው ጥግ ሄድኩና «ሰዓዳ፣ ትልቁን ነው የምፈልገው፤ በትንሽ አልስማማም» ብዬ በድምፅ ላክሁልሽ። ኸሚስ «ያስተማርኩዎት ሁሉ ውሃ በላው» ብሎ አፉን ያዘ።

አሁን ምክንያቱን ልንገርሽ። በኛ አገር ውጭ ያለን ሰው «ና» አይሉትም። ርዝቁን፣ እንጀራውን መዝጋት ነው ይባላል፤ ነገ አንድ ነገር ሲጎድለው «አባቴ ጠርቶኝ ነው» ይላል ተብሎ ይፈራል። ስለዚህ ሁሉም «አላህ በሰላም ያገናኘን» ብሎ ያልፋል። እኔም ይኸው አራት ዓመት ይህንኑ ስልሽ ኖርኩ። አፌ ላይ የመጣውን ቃል ስንት ጊዜ እንደዋጥኩት የማውቀው እኔ ነኝ። እና ብልጠት አማረኝ። ከኩዌት የሚመጣ ሰው የሻንጣው ኪሎ የተወሰነ ነው፤ ለእናቱ ብርድ ልብስ፣ ለወንድሙ ጫማ፣ ለጎረቤት አድርስልኝ የተባለ የሰው አማና አለበት። ሽቶ ብትሰጪው ይቀበልሻል፤ ስልክም ይቀበልሻል። አስራ አንድ ኪሎ ብረት የሚሸከምልሽ የአዳም ልጅ ግን የለም። ሁሉም እምቢ ሲሉሽ ልጄ «በቃ፣ የአባቴን ዕቃ እኔው ይዤለት ልሂድ» ትላለች አልኩ። አፍ አውጥቼ ሳልጠራሽ ሳጥኑ ይጠራልኛል ብዬ ነው።

ግማሹ እንዳሰብኩት ሆነ። ሳትገዢው በፊት ጠይቀሽ ሦስት ሰው እምቢ እንዳለሽ ስትነግሪኝ ወደ መስኮቱ ዞሬ ሳቄን ዋጥኩ። የቀረውን ግማሽ ግን አላህ በሌላ መንገድ አመጣብኝ። ባለፈው ጁምዓ ምን አልሽኝ? «አባ ይህን ያህል ትልቅ ሳጥን የፈለገው ሥራ ሊጀምር ቢያስብ ነው። ሁለት ዓመት ጨምሬ ክሪኩንም መበየጃውንም አሟልቼ በካርጎ እልክልሃለሁ፤ ጋራዥ ትከፍታለህ።» ላስመጣሽ ብዬ ያመጣሁት ብልሃት መቆያ ምክንያት ሆነልሽ። እኔ ነኝ እንግዲህ ያን ጊዜ «ኸይር ነው» ያልኩት።

በሦስተኛው ቀን ለእናትሽ እውነቱን ነገርኳት። ማጭዷን እየሳለች ነበር፤ ትታ አየችኝ።

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ፣ «ልጅ በብረት ትጠራለች ወይ? አፍ አልፈጠረልህም?»

«ርዝቋን እንዳልዘጋባት ብዬ ነዋ» አልኳት።

«አሁንስ ምኑን ከፈትክላት?» አለችኝና «አይ አንተ፣ ከርሞ ጥጃ» ብላ ሳቀች። ከዚያ ራሷ ሱቅ ሄዳ ይህን ወረቀትና እስክሪብቶ ገዝታ መጣች። አሁን በር ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት እየለየች፣ መጻፌን እንዳላቆም በጎን ታየኛለች።

ስለዚህ ስሚኝ። ጋራዥ አልፈልግም። እኔ የምፈልገው ቅዳሜ ጠዋት ፒካፗን ከማንጎው ስር አቁሜ ዘይቷን መቀየር፣ እሳት የምትጭረውን ካንዴላዋን አውጥቼ መጥረግ፣ የላላውን ማጥበቅ ነው። እጄን አመድ ውስጥ አሽቼ በሳሙና ስታጠብና ሞተሩ ሳይንተፋተፍ ሲነሳ የሚሰማኝ ደስታ ይበቃኛል። የቤቱ ጣሪያ ባንቺ ልፋት ተቀይሯል፤ ያለፈውን ክረምት ያለ ባልዲ አሳለፍን። የአርዲቦው ማሳችን ሽንኩርት ሸጋ ይዟል። እናትሽ ጉልበቷን አያማትም፤ እንዲያውም ዛሬ ከኔ ቀድማ ነው ማሳ የደረሰችው። ከአንቺ በቀር የጎደለን ነገር የለም። ይህን የምልሽ ላባብልሽ አይደለም፣ ሳጥኔ አሳስቶሽ ከሆነ እንዲታረም ነው።

መጥቼ ምን ልሥራ ትይ ይሆናል፤ ትክክል ነሽ፣ የሚያሳስብ ነገር ነው። እኔ ያሰብኩትን ልንገርሽና አንቺ ትመዝኚዋለሽ። ልጅ ሆነሽ የአጎትሽን የጭነት መኪና ጋቢና ካልያዝኩ ብለሽ ታለቅሺ ነበር፤ እሱም መሪውን አስይዞ ያታልልሽ ነበር። መንጃ ፈቃድ አውጪና ፒካፗን አንቺ ንጂያት። ከአርዲቦ ሽንኩርትና ፍራፍሬ ወደ ሐይቅ፣ ሲገኝም ወደ ደሴ እናመላልሳለን። አንቺ ትነጃለሽ፣ እኔ እጠግናለሁ። ሴት ሹፌር ብሎ የሚስቅ ከኖረ ይሳቅ፤ እኔን በአንድ ብሎን ግሸን ድረስ ስቀውብኝ የለ፣ ምን ሆንኩ? ካልወደድሽው ደግሞ ሌላ እናስባለን። ተቀምጠሽ፣ አርፈሽ፣ ከእናትሽ ጋር መክረሽ የምትወስኚው ነው።

ውሳኔው ያንቺ ነው። ወድጄ ነው የምፈርመው ካልሽ አልቀየምሽም፤ ዱዓዬም አይቀነስም። ለኛ ስትይ ግን እንዳትፈርሚ። ለአባቴ ዕቃ ላሟላ ብለሽ አንድ ቀን እንኳ እንዳትጨምሪ።

ይኸው በስልክ አልወጣኝ ያለውን ቃል በእጄ ልጻፈው። ነይ ልጄ። ርዝቅ በአላህ እጅ ነው፤ የአንድ አባት ቃል አይዘጋውም። ናፍቀሽኛል። ስልኩ ሲዘጋ ሁልጊዜ የኔን ፊት ነው መስተዋቱ ላይ የማየው፤ ያንቺን በአካል ማየት አማረኝ።

አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ የለፋሽበትን በረካ ያድርግልሽ፤ ከክፉ ሰውና ከክፉ መንገድ ያርቅሽ፤ የወላጆችሽን ደጅ በሰላም ያስረግጥሽ። እናትሽ ከበር ላይ ሆና «አሚን በል» እያለችኝ ነው፤ አሚን።

ስለ ቡሶላው፣ ትልቁን እርሺው። ትንሿን ግዢ። አፏ ስድስት ጎን መሆኑን፣ የእጀታዋም ጥርስ ደቃቅ መሆኑን በዓይንሽ አይተሽ፣ በእጅሽ ዳስሰሽ ግዢ። ሁለት ኪሎ አትሞላም፤ ልብስሽ መሃል ትገባለች። የሚያመጣት ሰው አትፈልጊ።

አባትሽ
አሕመዲን